የመምህር ያረጋል ልጅ

ፈቃደ ያረጋል ተደላድሎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ወንበር ግን ወደደው። ብሔራዊ ባንክ ሲቋቋም የጥናት ክፍል ሹም ሆኖ ገባ፤ ቀጥሎ የመምሪያ ኃላፊ፣ ከዚያ ምክትል ገዥ ሆነ። የሚሰጡት ወንበር በየሹመቱ እየሰፋና እየለሰለሰ ሲሄድ እሱ አሁንም ጠርዙ ላይ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ እንግዳ፣ ቁጢጥ ይላል። ስብሰባ ሲረዝም ከጠረጴዛው ሥር እግሩ ይንቀጠቀጣል። ቢሮው ውስጥ ብቻውን ሲሆን ከመስኮቱ እስከ በሩ ይመላለሳል። ባልደረቦቹ ትጋት መስሏቸው፣ "ፈቃደ የሚያስበው በእግሩ ነው" እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ባለቤቱ አሰፋሽ ብቻ ሌላ ነገር ጠርጥራለች። ሲበሳጭ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያጉተመትመው ቋንቋ አማርኛም አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም።

"ይኼ ደግሞ ከየት የመጣ ነው?" ስትለው፣

"ቡታጅራ ልጅ ሳለሁ ከገበያ የለቀምኩት ነው። አባቴ እዚያ አስተማሪ አልነበሩ?" ይላታል።

ከመልሱ ግማሹ እውነት ነበር።

ሙሉው እውነት እንዲህ ነው። መስቃን ውስጥ፣ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ ሸረፋ የሚባሉ በርበሬና እንሰት ያላቸው ገበሬ ነበሩ። ከድጄ የምትባል ሴት ልጅና ከድሮ የሚባል ወንድ ልጅ ነበሯቸው። ጣልያን ከወጣ በኋላ ቡታጅራ ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከጎጃም ተመድበው የመጡት መምህር ያረጋል ተማሪ ፍለጋ በየመንደሩ ይዞሩ ነበር። ከድሮን ያገኙት ቁርአን ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው፤ የተማረውን ለታናናሾቹ ሲያስቀራ። ቆመው ሰሙት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አባቱ ቤት ሄዱ።

ሸረፋ ልጃቸውን ሰጡ። ከድሮም ከክፍሉ አንደኛ እየሆነ ተማረ። አዲስ አበባ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚላክበት ጊዜ ሲደርስ ግን የእሱ ማመልከቻ ተመልሶ መጣ። ምክንያት አልተጻፈበትም። መምህር ያረጋልም ማንንም አልጠየቁም። ከዚያ በፊት የላኳቸው ጎበዝ ልጆችም እንዲሁ ተመልሰውባቸው ነበር፤ የተመለሱት ሁሉ ደግሞ የእስላም ስም ያላቸው ነበሩ።

"አቶ ሸረፋ፣ ልጁን በኔ ስም ላስመዝግበው" አሉ አንድ ቀን፣ በርበሬ ከሚሰጣበት ሜዳ ዳር ቆመው። "ፈቃደ ያረጋል ብዬ። እኔ ልጅ የለኝም፤ የሚከራከረኝ የለም። ስም ብቻ ነው።"

ሸረፋ አጎንብሰው የተሰጣውን በርበሬ በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩና ቀና አሉ።

"ስሙን ይውሰዱት መምህር" አሉ። "ልጁን ግን ይመልሱልኝ።"

ልጁ መጀመሪያ ላይ በየክረምቱ ይመለስ ነበር። አንድ ዓመት ግን አዳሪ ጓደኞቹ፣ "አባትህ ጎጃሜ ናቸው አይደል?" ሲሉት "አዎ" አለ። ያችን "አዎ" ለመጠበቅ ሌላ ውሸት አስፈለገ፤ ያንን ለመጠበቅ ደግሞ ሌላ። መምጣቱን ቀነሰ፤ ከዚያም ተወው። ባሕር ማዶ ሄዶ የኢኮኖሚ ትምህርት ሲማር ሸረፋ ሞቱ። መርዶውን ያረዱት መምህር ያረጋል ናቸው፣ ከውጭ ሲመለስ። "ሥራ ሲረጋልኝ ሄጄ መቃብራቸውን አያለሁ" አለ። ሥራው አልረጋም። አሰፋሽን በቤተ ክርስቲያን ሲያገባ የአባት ወንበር ላይ የተቀመጡት ያው መምህር ያረጋል ነበሩ።

ባንክ ውስጥ ስሙን ያስጠራችው አንድ ቃል ናት፤ "አይሆንም"። የቡና ዋጋ በወደቀ ጊዜ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጉድለታቸውን ከባንኩ ለመሙላት ሲራኮቱ፣ ፈቃደ ሳይቆጣ፣ ሳይለማመጥ፣ ቆሞ እየተንጎራደደ "አይሆንም" ይላል። አንድ ታላቅ መኰንን ቤተ መንግሥት ድረስ ከሰውት ተጠርቶ እዚያም ያንኑ መልሶ ወጥቷል። ጠላት አፈራ፤ ግን እጁ ንጹሕ መሆኑን ጠላቱም አልካደም።

ስለዚህም በ1966 የካቲት ላይ ቤንዚን ተወድዶ ባለታክሲው ሲያምፅ፣ መምህሩ ሥራ ሲያቆም፣ ወታደሩ አለቃውን ሲያስር፣ የቆየውም ካቢኔ ሥልጣኑን ሲለቅ፣ አዲስ የተሰየሙት ሰዎች ንጹሕ እጅ ያለው ሰው ፍለጋ ወደ ባንኩ ተመለከቱ። ፈቃደ ቤተ መንግሥት ተጠርቶ ለንጉሡ እጅ ነስቶ የንግድ ሚኒስትር ሆኖ ወጣ። አሰፋሽ ዘመድ ጠርታ ድግስ ደገሰች። እሱ ከድግሱ መሃል እየተነሳ ግቢውን ይዞር ነበር።

"ምን ሆነሃል?" አለችው ተከትላው ወጥታ። "ሰው የተሻረበት እንጂ የተሾመበት ቤት አይመስልም እኮ።"

"ባንክ ይሻለኝ ነበር" አላት።

እውነቱን ነው። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ዝም ብሎ ይታዘዛል። ሚኒስቴሩ ውስጥ ግን ዳቦው ይጮኻል፣ ጨው ይጮኻል፣ ቤንዚን ይጮኻል። ጠዋት የነጋዴ ልዑክ፣ ከሰዓት የሠራተኛ ማኅበር፣ በመሃል ስልክ። "አይሆንም" ማለት እንደ ድሮው አላዋጣም፤ "ይሆናል" ለማለት ደግሞ በእጁ የሚሰጠው ነገር የለም። እንቅልፉ ጠፋ፤ ምግብ ጠላ። ደረጃ ሲወጣ ይሮጣል፤ ከወጣ በኋላ ለምን እንደሮጠ አያውቀውም።

በሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ እስላሞች እኩልነት ይሰጠን ብለው ሰልፍ ወጡ። ክርስቲያኑም ደግፎ አብሯቸው ወጣ። ሰልፉ በሚኒስቴሩ በር ሲያልፍ ፈቃደ ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ አየ። ጩኸቱ ውስጥ የመስቃን አነጋገር የሰማ መሰለውና መስኮቱን ዘጋ። እንደገና ከፈተው።

በማግስቱ በካቢኔው ስብሰባ እስላም ወደሚበዛበት አገር ሚኒስትሮች ወጥተው ሕዝቡን እንዲያረጋጉ ተወሰነ።

"ክቡር ፈቃደ" አሉት አንድ ሽማግሌ ሚኒስትር፣ "አባትዎ ቡታጅራ አስተምረው የለ? አገሩን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። ቡታጅራ የእርስዎ ትሁን።"

ውሸቱ ራሱ እጁን ይዞ ወደ አገሩ ወሰደው።

ቡታጅራ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ዳስ ተጥሎ ጠበቀው። የአውራጃው ገዥና ሹማምንቱ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ከሰሜን ተመድበው የመጡ ናቸው። ሕዝቡ በዙሪያው ቆሟል። ፈቃደ ከላንድሮቨሩ ሲወርድ ዓይኑ ሳይፈልግ ፊት መለየት ጀመረ። ያ ግንባር የማን ዘር እንደሆነ፣ ያ አቋቋም የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። አንድ ሰው "ከድሮ!" ብሎ ቢጣራ አለቀለት። ማንም አልተጣራም። ፈገግ ያለለት እንኳ አልነበረም።

የነጋዴዎቹ ተጠሪ ሐጂ ሙስተፋ ሊቀበለው ተነሳ። ሁለቱ ልጆች ሳሉ ቁርአን ቤት በአንድ የእንጨት ሉህ አብረው ቀርተዋል፤ በአንድ ቀን ከዛፍ ወድቀው የሙስተፋ ክንድ ተሰብሯል።

"ክቡር ሚኒስትር" አለ ሙስተፋ፣ ፊቱ ላይ አንዳች ሳይነበብ፣ "ወደማያውቁት አገር እንኳን በደህና መጡ። እኛም ባናውቅዎ እንግዳ አክባሪዎች ነን።"

ፈቃደ የተዘጋጀውን ንግግር አሰማ። መንግሥት ሁሉንም ዜጋ በአንድ ዓይን እንደሚያይ፣ ጊዜ እንደሚያስፈልግ፣ ትዕግሥት እንደሚሻል ተናገረ። ሲጨርስ ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ተባለ። አንድ በርበሬ ነጋዴ እጁን አነሳ።

"ሀቢቡ እባላለሁ፣ ክቡር ሚኒስትር። ልጄ ትምህርት ይሆንለታል። 'ወደ ላይ ሲሄድ ስሙ ያሰናክለዋል፣ ለውጥለት' ይሉኛል። እርስዎ የተማሩ ነዎት። ልለውጥለት?"

ገዥው ጉሮሮውን ጠረገ። ፈቃደ ግን ቀድሞት ተነሳ።

"አይለውጡ" አለ። "ማንም ሰው በስሙ ምክንያት መሰናከል የለበትም።"

"ካልለወጥኩለትስ" አለ ሀቢቡ በትሕትና፣ "እንደ እርስዎ ይሆናል?"

ያን ጊዜ ፈቃደ አንድ ነገር አስተዋለ። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። የማያውቁት ቢሆን መልሱን ለመስማት ወደ እሱ ነበር የሚያዩት። እነሱ ግን ሰው ዘመዱ ሲዋረድ ላለማየት እንደሚያደርገው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለዋል። ያውቁታል። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ከጥግ የቆመው ባለሱቅ፣ ሁሉም ያውቁታል።

"ጥያቄው ለመንግሥት ይቀርባል" አለ።

አጨበጨቡለት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ከምሳ በኋላ የገበያውን ዋጋ ልይ ብሎ ወጣ። የንግድ ሚኒስትር ነውና ማንም አልገረመውም፤ ሹማምንቱ ከኋላው ተንጋጉ። በርበሬ ተራ ሲደርስ እህቱን ከድጄን አያት። ፀጉሯ ሻሽ ውስጥ ሸብቷል፤ አቀማመጧ ግን የእናታቸው ነው። ፈቃደ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ፊቷ ቁጭ አለና አንድ ዛላ አነሳ።

"ስንት ነው?"

"ለመንግሥት እንግዳ ዋጋ አንጠራም ጌታዬ" አለች በአማርኛ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአገራቸው ቋንቋ፣ "ከድጄ" አላት።

እጇ በርበሬውን ማገላበጥ አላቆመም። በዚያው ቋንቋ፣ ከንፈሯን እንኳ ብዙ ሳታንቀሳቅስ፣ "ተነስ፣ ሹሞቹ እያዩህ ነው" አለችው።

"ሁሉም አውቀውኛል።"

"እና ምን መስሎህ ነበር? ትመጣለህ ሲባል በስምህ ማንም እንዳይጠራህ ሽማግሌ ተቀምጦ ተማምሏል። የሀቢቡን አፍ ብቻ መያዝ አቃተን።"

"እንዲህ አድርጉ ያለው ማነው?"

"አባትህ። ሊሞት ሲል ተናዘዘ። 'ልጄ አንድ ቀን ከመጣ እንግዳ ነው በሉት፤ እንጀራውን አትዝጉበት' አለ።" ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በአማርኛ፣ "አላህ ያኑርዎ ጌታዬ፣ መንገዱን ያቅናልዎ" አለች።

አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ሹፌሩን "ፍጠን" ይለዋል፤ ሲፈጥን ደግሞ "ቀስ በል"።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ቡታጅራ እንዲያስረዳ ተራው ሲደርስ ተነሳ። "ሕዝቡ የጠየቀው እውነት ነው" አለ። "ይህንን የማውቀው፣ እኔ ራሴ..." በሩ ተከፈተና አንድ መኰንን ገብቶ ለሰብሳቢው በጆሯቸው ነገራቸው። የሠራዊቱ ነገር እንደገና ፈልቷል። ሁሉም ተነሳ፤ ስብሰባው ተበተነ። ፈቃደ አፉን እንደከፈተ ቀረ። መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። እፎይታው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አሳፈረው።

ሌላ ዕድል አላገኘም። ሰኔ ላይ ወታደሮቹ ባለሥልጣን መልቀም ጀመሩ። በየቀኑ በራዲዮ እጃቸውን እንዲሰጡ የሚፈለጉ ሰዎች ስም ይነበባል። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ አሰፋሽ ውኃ እየቀዳች ሳለ፣ "ፈቃደ ያረጋል" ተባለ። ስሙን የሌላ ሰው ስም እንደሚሰማ ሆኖ ሰማው።

"ምንም የሠራኸው የለም፣ ሄደህ እጅህን ስጥ" አለች አሰፋሽ።

"አሰፋሽ፣ እኔ ፈቃደ አይደለሁም" አላት። ሁሉንም ነገራት፤ የአባቱን ስም፣ የእህቱን ስም፣ የራሱን ስም።

ሰምታ ስትጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠች። "አንድ ቀን ይነግረኛል እያልኩ ስንት ዓመት ጠበቅኩ" አለች።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ጠይቄህ ብትዋሸኝስ?"

ብዙ አላለቀሰችም። ከረባቱን ራሷ ፈታችለት። "እንግዲያስ ፈቃደን ይፈልጉት" አለች። "አንተ ሂድ።"

በቀጥታ ወደ ቡታጅራ መሄድ አልቻለም፤ በሚያዝያ ዳሱ ሥር እሱን ያላየ ሹም የለም። በጂማ መስመር አውቶቡስ ወልቂጤ ገባ። መምህር ያረጋል ተዛውረው ጡረታ የወጡት እዚያ ነው፤ ከባሕር ዛፎች ሥር ባለች ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በሩ ላይ ሲያዩት አልደነገጡም። አስገብተው ቁርስ አቀረቡለት፤ እንዳይሮጥ የፈሩ ይመስል ከጎኑ ተቀመጡ።

"በራዲዮ ሰማሁ" አሉ። "ስምህን ሲጠሩ እኔን የጠሩኝ መስሎኝ ልቤ ዘለለ።"

"ጋሼ፣ በርስዎ ስም ነው የኖርኩት። አሁን ደግሞ ጥዬው ልሸሽ ነው።"

"ልበስ ብዬ የሰጠሁህን እንዳወለቅህ ቁጠረው። አባትህ 'ልጁን ይመልሱልኝ' ብለውኝ ነበር። የሰው አደራ በልቼ ነው ያረጀሁት። ወደ ቤትህ ሂድ።"

በጉብሬ በኩል አልፎ ጉመር ደጋ ላይ ወጣ። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው፤ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ አረቅጥ ላይ ጉሙ ሰውን ከሰው አያሳይም። መንገድ ሲጠይቅ የሰባት ቤት ጉራጌ ሰዎች ይስቁበት ጀመር። መስቃንኛ መናገሩ ብቻ አይደለም ያሳቃቸው። ቋንቋውን የተወው ልጅ ሳለ ነውና የሚወጣው የልጅ ንግግር ነው፤ አንድ ጢሙ የሸበተ ሰው እንደ ሕፃን "ስጡኝ፣ ራበኝ፣ ደከመኝ" ይላል። አንዲት አሮጊት ሆዷን ይዛ ስቃ ስታበቃ ቆጮና ጎመን አቀረበችለት፤ እንደ ሕፃንም "ብላ፣ ብላ" አለችው። በልቶ ሲጨርስ ሳያስበው ዓይኑ እንባ አዘለ።

ከድጄ ከጓሮ እንሰት ስትቆርጥ አገኛት። ቀና ብላ ስታየው ቢላዋውን ጣለች። አንገቱን አቅፋ ቆየች።

ከዚያ በኋላ ከድሮ ሆነ። የሞቱት አባቱ ኮፊያ ተሰጠው። የበርበሬ ማሳ አረመ፤ እጁ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደረቀ። አባቱ መቃብር ላይ ሄዶ ቆመ፤ የሚባለውን ዱዓ ረስቶት ሙስተፋ ከጎኑ እያስባለው አለ። የመንደሩ ሰው ከትናንት ወዲያ እንደሄደ ሰው ብቻ ተቀበለው፤ ሹመቱን ያነሳበት የለም። ሀቢቡ ሳይቀር መጥቶ፣ "አንተ፣ በዚያን ቀን አፌ አመለጠኝ" አለው።

"ደግ አደረግህ" አለው።

ለጥቂት ሳምንት በደንብ ተኛ። ከዚያ አመሉ ተመለሰ። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር በእንሰቱ መሃል ለመሃል ይመላለሳል። ከድጄ ከደጃፍ ሆና ታየዋለች።

"አሁን ምን ቀረህ?" ትለዋለች። "አገርህ ነህ። ስምህ ተመለሰልህ።"

"እኔም አላውቀውም" ይላታል።

አንድ ከሰዓት ሐጂ ሙስተፋ ከወልቂጤ ንግድ ደርሶ መጣ። በቅሎውን ሳያስር ገባ።

"መምህር ያረጋል ታስረዋል" አለ።

ፈቃደ ቆመ። "ለምን?"

"የፈቃደ ያረጋል አባት ናቸዋ! ልጅዎን አምጡ ተብለው።"

"ልጅ የለኝም ብለው አይወጡም?"

"እኔም ሰው ልኬባቸው ነበር እንዲህ ይበሉ ብዬ። 'ልጄ ነው፣ የት እንዳለ ግን አልናገርም' አሉ። ጣቢያው ይቀዘቅዛል፤ ያስላቸዋል።" ሙስተፋ ተቀምጦ ቀና አለ። "ግድ የለህም፣ እኛ ሄደን እንመሰክራለን። ወልደው አያውቁም እንላለን፤ ሐሰት አይደለም።"

"እሳቸው ልጄ ነው እያሉ?"

ፈቃደ ኮፊያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ከድጄ የሚያስበውን ገና ሳይናገር አወቀችበት።

"አባቴ አንዴ ሰጠህ" አለች። "እኔ አልሰጥም። ሰማህ? እኔ አልሰጥም!"

"አንቺ አትሰጪኝም ከድጄ። እኔው ነኝ የምሄደው።"

"ፈቃደ የለም ብሎ አገር ሁሉ ሊምልልህ!"

"የለም ብትሉ እሳቸው ማን ሊሆኑ ነው? ባዶ ቤት የተቀመጡ ሽማግሌ?" አላት። "እኔ ያንን ስም ስለብሰው ኖሬ ዛሬ ሲከብድ ላወልቀው አልችልም። ብችል ኖሮ እተኛ ነበር።"

ሌሊቱን ሙሉ አላናገረችውም። ሲነጋ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደጃፍ ቆማ አገኛት። ሙስተፋ በቅሎውን ሰጣቸው። ያንኑ ተራራ መልሰው ወጡ፤ ከድጄ በቅሎ ላይ፣ እሱ በእግሩ። መንገድ ላይ የተነጋገሩት ጥቂት ነው፤ ስለ እናታቸው፣ ስለ በርበሬው፣ ጉሙ ስለሚገፈፍበት ሰዓት። ወልቂጤ ሲቃረቡ ብቻ፣ "ሚስትህ ምን ትመስላለች?" አለችው።

"አትጠይቅም። ታውቃለች" አላት።

"ከሆነ ላያት እፈልጋለሁ።"

የፖሊስ ጣቢያው በረንዳ ላይ መምህር ያረጋል በጋቢ ተጠቅልለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩት እንደ ተማሪ ቤት ተቆጡ።

"ምን ልትሠራ መጣህ? ማን ና አለህ?"

"አባቴን ላስፈታ ነው ጋሼ።"

አሥር አለቃው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይጽፍ ነበር። ኮፊያ የያዘውን፣ እግሩ ጭቃ የለበሰውን ሰውዬ ቀና ብሎ አየና፣ "ምንድነው ጉዳይህ?" አለው።

"ፈቃደ ያረጋል የምትፈልጉት እኔ ነኝ።"

አሥር አለቃው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ በረንዳው ላይ ያሉትን ሽማግሌ አየ፤ እንባቸው ጋቢያቸው ላይ ሲወርድ ሲያይ ሳቁ ቀረ። ሳያውቀው ተነስቶ ቆመ፤ እንደገና ተቀመጠ። "ክቡር... ይቅርታ፣ ሥራ ነው" አለና ብዕሩን አነሳ። "ፈቃደ ያረጋል። የአያት ስም?"

ፈቃደ የመምህር ያረጋልን አባት ስም ያውቀዋል፤ በየማመልከቻው ሲሞላው ኖሯል። ከበሩ አጠገብ ከድጄ ቆማለች።

"ሸረፋ" አለ።

"ሸረፋ?" አሥር አለቃው ግራ ተጋባ። "ያረጋል ሸረፋ? ይኼ የእስላም ስም አይደለም እንዴ?"

"ጻፍ ልጄ" አሉ መምህር ያረጋል ከውጭ። "እሳቸው ናቸው የሰጡኝ።"

በዚያው ቀን በወታደር መኪና ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። ከባንክ ጀምሮ እስከ ሚኒስትርነቱ የሠራውን ሁሉ አገላብጠው መረመሩ፤ የሚከሱበት ነገር ባያገኙም ቶሎ አልለቀቁትም። ዘመኑ ተለወጠ፤ ዙፋኑ ወደቀ፤ ከእሱ ጋር ከታሰሩት ያልተመለሱ ብዙ ነበሩ። እሱ ከዓመታት በኋላ ከነሕይወቱ ወጣ። አሰፋሽ በስንቅ ተራ ቆማ የኖረችው ለብቻዋ አልነበረም፤ በርበሬ ሸጣ የምትመጣ አንዲት የመስቃን ሴት በየጊዜው ከጎኗ ትሰለፍ ነበር።

ያኔ ግን፣ መኪናው ከወልቂጤ በወጣበት ከሰዓት፣ ከድጄ መምህር ያረጋልን ደግፋ ወደ ቤታቸው አደረሰቻቸው። እሳት አነደደች። ሳላቸው እስኪበርድ ከጎናቸው ተቀመጠች።

"ወንድሜን ወሰዱብኝ" አለቻቸው በመጨረሻ።

"ወሰድኩብሽ" አሉ። "እውነት ነው።"

ከድጄ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለችና፣ "አባቴ ይወድዎ ነበር፣ እኔ ነኝ የጠላሁዎ" አለች። "ራት ምን ልሥራልዎ?"